ምዕራፍ 7፦ መዳቢ የሌለበት አገር

ኢትዮጵያ ውስጥ ተምሮ ያደገ ወላጅ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የሚገባበትን አንድ መንገድ ያውቃል። ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይደርሳል፣ ማትሪክ ይፈተናል፣ ውጤት ይወጣል፤ ካለፈ መንግሥት ይመድበዋል። ጅማም ይድረሰው ባሕር ዳር፣ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ አውቶቡስ ይሳፈራል። የወጪ መጋራት ከመጣ ወዲህም ውል ይፈርማል እንጂ በር ላይ ክፈል አይባልም። የወላጅ ድርሻ ማብላት፣ ማልበስ፣ "አጥና" ማለትና መጸለይ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ መዳቢ የለም። ልጁ የት እንደሚማር የሚወስን፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ የሚያሰላ፣ ቀኑ እንዳያልፍ የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት የለም። ይህ ሁሉ የቤተሰቡ ሥራ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲያትል፣ በሚኒያፖሊስ፣ በዳላስ ያሉ ወገኖቻችን ለልጆቻቸው ትምህርት ሲሉ ሌሊት ታክሲ ነድተዋል፤ ቅዳሜና እሑድን በሆስፒታልና በፓርኪንግ ሥራ አሳልፈዋል። ትጋት አልጎደላቸውም። ይህ ሥርዓት ለጠየቀ፣ ያውም ቀኑ ሳያልፍ ለጠየቀ ብቻ እንደሚሰጥ ቀድሞ የሚነግራቸው ሰው ግን አላገኙም። ብዙ ቤት ውስጥ የኮሌጅ ወሬ የሚነሣው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከተጀመረ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ አብዛኛው ነገር ተወስኖ አልቋል።

ፋይሉ የሚከፈተው ዘጠነኛ ክፍል ነው

በአገር ቤት የዘጠነኛ ክፍል ውጤት ካርድ ላይ ቀርቶ ይረሳ ነበር። እዚህ የዘጠነኛ ክፍል የመጀመሪያ ሴሚስተር ውጤት ትራንስክሪፕት ላይ ይሰፍራል፤ ኮሌጁ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚያየውም ያንኑ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ልብ ገዝቶ የተነሣ ልጅ ተስፋ አይቁረጥ፤ ኮሌጆች መሻሻልን ያያሉ። ቢሆንም ጂፒኤ የሚሉት አማካይ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ተደምሮ የሚወጣ ስለሆነ አንዴ የወረደውን ማንሣት ብዙ ጊዜ ይፈጃል።

ከውጤቱ ባልተናነሰ የሚታየው የተወሰደው ትምህርት ክብደት ነው። በተለይ ሒሳብን ልብ ይበሉ። አልጀብራ አንድ፣ ጂኦሜትሪ፣ አልጀብራ ሁለት፣ ፕሪካልኩለስ፣ ካልኩለስ፤ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይጀመርም። አልጀብራ አንድን ስምንተኛ ክፍል የወሰደ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ላይ ካልኩለስ ይደርሳል። ዘጠነኛ ላይ የጀመረው ግን በክረምት ተምሮ ወይም ሁለት ክላስ አጣምሮ ካልደረሰ በቀር ፕሪካልኩለስ ላይ ይቆማል። ልጃቸው ኢንጂነር እንዲሆንላቸው የሚመኙ ብዙ ቤተሰቦች ይህ ነገር ልጁ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለ እንደሚወሰን አያውቁም። የስምንተኛ ክፍል የትምህርት መምረጫ ቅጽ ቤት ሲመጣ አብረውት ቁጭ ብለው ያንብቡት።

የምረቃ መስፈርት ከስቴት ስቴት ይለያያል። ቨርጂኒያ ለመደበኛው ዲፕሎማ 22፣ ለከፍተኛው 26 ክሬዲት ትጠይቃለች። ዋሽንግተን ዲሲ 24 ክሬዲትና 100 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ትፈልጋለች። ሜሪላንድ በ1992 የተማሪን አገልግሎት የምረቃ ግዴታ በማድረግ ከስቴቶች ሁሉ የመጀመሪያዋ ሆናለች፤ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ 75 ሰዓት ነው። ልጆቻችን በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድና በኮሚዩኒቲ ማእከል ብዙ ያገለግላሉ፤ ሆኖም አገልግሎቱ ሁሉ አይቆጠርም፣ የሚቆጠረውም ቅጹ ካልተፈረመ አይመዘገብም። ከማገልገሉ በፊት ካውንስለሩን መጠየቅ ይቀላል።

ካውንስለሩ ማን ነው? የልጅዎን የትምህርት ምርጫ የሚያጸድቀው፣ ለኮሌጅ ደብዳቤ የሚጽፈውና ትራንስክሪፕት የሚልከው ሰው ነው። የሙያ ማኅበራቸው ለአንድ ካውንስለር 250 ተማሪ ይበቃል ይላል፤ በአብዛኛው ስቴት የሚይዙት ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ጎበዝና ዝምተኛ ልጅ፣ ችግር ስለማያመጣ ብቻ፣ ዓመቱን ሙሉ ካውንስለሩን ሳያይ ሊያልፍ ይችላል። ቀጠሮ ይያዙ። እንግሊዝኛ ቢያስቸግርዎ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ትምህርት ቤቱ በነጻ ማቅረብ አለበት፤ ሞንትጎመሪ ካውንቲን የመሰሉ ዲስትሪክቶች ደብዳቤዎቻቸውን ሳይቀር በአማርኛ ያወጣሉ። ልጅዎን አስተርጓሚ አድርገው አይግቡ። ስለ ራሱ ድክመት የሚነገረውን ልጁ ራሱ እንዲተረጉም ማድረግ ለእሱም ለእርስዎም አይበጅም።

በአሥረኛ ወይም በአሥራ አንደኛ ክፍል ዕድሜው ከኢትዮጵያ የመጣ ልጅ ጉዳይ ይለያል። የተማረበትን ማስረጃ፣ ማኅተም ያለበትን፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ይዞ ይምጣ። ማስረጃው ካለ የተማረው ተገምግሞ ክሬዲት ይሰጠዋል፤ ከሌለ ግን ያለፈውን ክፍል እንደገና ሊቀመጥ ነው። አማርኛውም ዋጋ አለው፦ ፌርፋክስ ካውንቲ በአማርኛ ተፈትነው ያለፉ ተማሪዎች የውጭ ቋንቋ ክሬዲት የሚያገኙበት ፈተና አለው። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ደግሞ በሁለት ቋንቋ ለበቃ ተመራቂ ዲፕሎማው ላይ የሚታተም ማኅተም ይሰጣሉ። እዚህ ተወልዶ እቤት አማርኛ የሚናገር፣ ነገር ግን ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ካለዎት፣ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ፊደል ማስተማር ቢጀምሩ ከቅርስነቱም በላይ ትራንስክሪፕት ላይ የሚሰፍር ጥቅም አለው።

ጨዋው ልጅ

ለልጆቻችን የምናወርሰው ጨዋነት አለ፤ መምህር ሲናገር ማዳመጥ፣ ሳይጠየቁ አለመናገር፣ ራስን አለማወደስ። ይህን ጨዋነት እወደዋለሁ፤ እንዲጠፋም አልሻም። ነገር ግን ኮሌጅ ማመልከት ሲመጣ ልጁን የሚጎዳበት ቦታ ስላለ በግልጽ መነገር አለበት። ብዙ ኮሌጆች ከመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃሉ። ሁሌ ኤ ያመጣ፣ ግን አንድም ቀን እጁን ያላወጣ፣ ከክፍል በኋላ ቀርቶ ያልጠየቀ ልጅ ሲመጣ መምህሩ ምን ይጻፍ? "ትጉ ተማሪ ነው" ብሎ ይጨርሳል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከሺህ ማመልከቻ መካከል ማንንም አያስታውስም። ልጅዎ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ቢያንስ ሁለት መምህራን በደንብ እንዲያውቁት ያበረታቱት፤ ደብዳቤውንም ክረምት ከመግባቱ በፊት ይጠይቅ።

ከአንድ ሺህ በላይ ኮሌጆች ኮመን አፕ የሚባለውን አንድ የጋራ ማመልከቻ ይቀበላሉ። በ1975 በ15 ኮሌጆች የተጀመረ ነው። ልጁ አንዴ ሞልቶ እስከ 20 ኮሌጅ መላክ ይችላል። ማመልከቻው ውስጥ ልጁ ከትምህርት ውጪ የሚሠራቸውን አሥር ነገሮች የሚዘረዝርበት ክፍል አለ። እዚህ ላይ የእኛ ልጆች ባዶ የሚተዉት ነገር ያሳዝነኛል። ታናናሾቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጣ፣ ለእናቱ ሐኪም ቤት የሚያስተረጉም፣ ቅዳሜ በቤተሰቡ ሱቅ ሒሳብ የሚይዝ ልጅ "ምንም ክለብ የለኝም" ይላል። ቅጹ ላይ ግን "የቤተሰብ ኃላፊነት" የሚል ምድብ በግልጽ ተቀምጧል፤ ሥራም ራሱን የቻለ ምድብ ነው። በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በዓመት ስንት ሳምንት ብሎ ይጻፈው። ይህ ልመና አይደለም፣ የሠራውን መናገር ነው።

ድርሰቱም በዚሁ ይታያል። እስከ 650 ቃል የሚጻፈው ድርሰት ዓላማው ልጁን ማሳየት ነው። ብዙዎቹ የወላጆቻቸውን ስደት ይጽፋሉ፤ ጥሩ ታሪክ ነው፣ አንባቢው ግን አባትየውን አውቆ ልጁን ሳያውቅ ይቀራል። አባትየው በሁለት አንቀጽ ይለፍና ልጁ ራሱ ምን እንዳሰበ፣ ምን እንዳደረገ ይምጣ።

ስለ ፈተና ብዙ አልልም። ኤስ ኤ ቲ ከ2024 ጀምሮ በኮምፒውተር የሚሰጥ የሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ፈተና ነው፤ ከፍተኛው ነጥብ 1600 ነው። ከ2020 ወዲህ ብዙ ኮሌጆች ነጥቡን ግዴታ ማድረግ ትተዋል፤ ኤም አይ ቲ፣ ዬል፣ ሃርቫርድና ዳርትመዝ ግን መልሰው ጠይቀዋል። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰብ ልጅ የፈተናውንም የማመልከቻውንም ክፍያ ማስቀረት ይችላል፤ ካውንስለሩን መጠየቅ ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

የተለጠፈው ዋጋ

አሁን ወደሚያስፈራው ነገር እንምጣ። ኮሌጅ ቦርድ ባወጣው አማካይ ስሌት መሠረት በ2024–25 የትምህርት ክፍያ ብቻ፣ ማደሪያና ምግብ ሳይጨመር፣ በራስ ስቴት የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ 11,610 ዶላር ነበር። ከሌላ ስቴት ለሚመጣ 30,780፣ በግል ኮሌጅ 43,350፣ በሁለት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ 4,050 ዶላር። ወላጅ እነዚህን ቁጥሮች ሲያይ የግል ኮሌጁን ወዲያው ይሰርዘዋል። ችኮላው እዚህ ላይ ነው። የተለጠፈው ዋጋ ብዙ ቤተሰብ የሚከፍለው ዋጋ አይደለም።

ሀብታም ዩኒቨርሲቲዎች ከራሳቸው ካዝና በቤተሰቡ አቅም ልክ ይሰጣሉ። ሃርቫርድ ከ2025–26 ጀምሮ በዓመት እስከ 100,000 ዶላር የሚያገኝ ቤተሰብ ልጅ ማደሪያና ምግብን ጨምሮ ምንም እንዳይከፍል፣ እስከ 200,000 የሚያገኘው ደግሞ የትምህርት ክፍያ እንዳይጠየቅ ወስኗል። እነዚህ ቦታዎች መግባት እጅግ ከባድ ነው፤ ሆኖም ከስማቸው ዝቅ የሚሉ፣ ብዙ የሚሰጡ ሌሎች ኮሌጆች አሉ። ልዩነቱን የሚነግርዎ መሣሪያ ደግሞ በሕግ የታዘዘ ነው፦ ከ2011 ወዲህ የፌደራል እርዳታ የሚቀበል እያንዳንዱ ኮሌጅ ድረ ገጹ ላይ የተጣራ ዋጋ ማስያ የማስቀመጥ ግዴታ አለበት። ገቢዎን፣ የቤተሰብ ብዛትዎንና ያለዎትን ቁጠባ ያስገባሉ፤ እንደ እርስዎ ያለ ቤተሰብ በግምት ስንት እንደሚከፍል ያወጣል። ልጁ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለ፣ የኮሌጆቹ ስም ዝርዝር ከመጽደቁ በፊት፣ ይህን ለእያንዳንዱ ያድርጉ።

ኮሌጅ ሲቀበል የሚልከው የእርዳታ ደብዳቤ ራሱ ማንበብ የሚጠይቅ ነው። እንደ ምሳሌ አንድ እንውሰድ። ጠቅላላ የዓመት ወጪ 42,000 ዶላር። ከሥሩ የዩኒቨርሲቲው ግራንት 14,000፣ የፌደራሉ ፔል ግራንት 5,000፣ ወርክ ስተዲ 2,500፣ የተማሪ ብድር 5,500፣ የወላጅ ብድር 15,000 ይላል። ሲደመር 42,000፤ የቀረ ክፍያ፣ ዜሮ። ቤተሰቡ እልል ይላል። አሁን በእርሳስ እናስምርበት። የማይመለስ ስጦታ የሆኑት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ 19,000። ወርክ ስተዲ ልጁ ካምፓስ ውስጥ ሠርቶ በየሁለት ሳምንቱ የሚያገኘው ደመወዝ ነው፤ የሴፕቴምበርን ሒሳብ አይከፍልም። የቀሩት ሁለቱ ዕዳ ናቸው። ስለዚህ የዚህ ኮሌጅ እውነተኛ ዋጋ በዓመት 23,000 ዶላር ነው። አጠገቡ ያለው የሌላ ኮሌጅ ደብዳቤ ጠቅላላ ወጪ 68,000 ቢልና 52,000 ግራንት ቢሰጥ ዋጋው 16,000 ነው። ውድ የተባለው በ7,000 ረከሰ። ደብዳቤዎቹን ሁሉ በዚህ መንገድ፣ ስጦታን ብቻ ቀንሰው፣ ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው።

በዚህ ምክንያት ከኧርሊ ዲሲዥን ጋር በተያያዘ ጥንቃቄ እመክራለሁ። በኖቬምበር መጀመሪያ አመልክቶ ከተቀበሉኝ እገባለሁ ብሎ የሚፈርሙበት መንገድ ነው፤ የሌሎችን ደብዳቤ አይቶ ማወዳደርን ያስቀራል። ኧርሊ አክሽን የሚባለው ግን አያስርም፤ እሱን ይጠቀሙበት።

ፋፍሳ

የገንዘቡ በር ፋፍሳ የሚባለው የፌደራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ነው። ቅጹ ነጻ ነው፤ በሕግ እስከ ኦክቶበር 1 መከፈት አለበት። የፌደራሉን ፔል ግራንት፣ የተማሪ ብድርን፣ የአብዛኛውን ስቴትና ኮሌጅ እርዳታ የሚወስነው እሱ ነው። ፔል በሮድ አይላንዱ ሴናተር ክሌይቦርን ፔል ስም የተሰየመ ነው፤ ለ2025–26 ከፍተኛው 7,395 ዶላር ሲሆን አይመለስም። በየሠፈሩ ፋፍሳ ለመሙላት ገንዘብ የሚቀበሉ አሉ፤ ስኮላርሺፕ እናስገኛለን ብለው ዋስትና የሚሰጡም አሉ። ለዚህ ገንዘብ አይክፈሉ። ትምህርት ቤቶችና ኮሚዩኒቲ ድርጅቶች በመከር ወራት በነጻ የሚያስሞሉባቸው ምሽቶች ያዘጋጃሉ።

ቅጹ የሚያየው ታክስ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ያለውን ነው። በ2027 መከር ኮሌጅ የሚገባ ልጅ የሚታየው የ2025 ገቢ ነው፤ ማለትም ልጁ ከአሥረኛ ክፍል አጋማሽ እስከ አሥራ አንደኛ አጋማሽ ያለው። የመኖሪያ ቤትዎና የጡረታ ቁጠባዎ አይቆጠሩም። ባንክ ያለው ጥሬ ገንዘብ ግን ቅጹ በሚፈረምበት ቀን ባለው ልክ ይቆጠራል፤ የዕቁብ ዕጣ ወጥቶልዎ ባንክ አስቀምጠውት ከሆነ እሱም ጭምር። በወላጅ ስም ካለው ቁጠባ ቢበዛ 5.64 በመቶ ሲታሰብ፣ በልጁ ስም ካለው 20 በመቶ ይታሰባል። ስለዚህ በልጁ ስም ባንክ ከመክፈት በወላጅ ስም 529 የሚባለውን የትምህርት ቁጠባ መክፈት ይሻላል። ምግብ ቤት ወይም ሱቅ ላላቸውም መልካም ዜና አለ፦ በ2025 የወጣው ሕግ ከ2026–27 ጀምሮ ከ100 የማይበልጥ ሠራተኛ ያለውን የቤተሰብ ንግድ ከሀብት ቆጠራው አውጥቶታል።

አሁን የእኛ ቤተሰቦች የሚሰናከሉባቸው ሦስት ቦታዎች ላይ ልቆይ። የመጀመሪያው፣ ስምና የልደት ቀን ነው። ልጁም ወላጁም እያንዳንዳቸው በስማቸው የፋፍሳ አካውንት ይከፍታሉ፤ ኮምፒውተሩ ስምንና የልደት ቀንን ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር ያስተያያል። ወላጅ ዘንድ ደግሞ ሦስት ዓይነት ስም አለ፦ ፓስፖርት ላይ የአያት ስም የተጨመረበት፣ ግሪን ካርድ ላይ አንድ ፊደል የጎደለው፣ ሶሻል ካርድ ላይ የአባት ስም እንደ መካከለኛ ስም የተጻፈበት። የልደት ቀኑም በስደት ካምፕ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተሞላ ወይም ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲገለበጥ የተዛባ ሊሆን ይችላል። እናት ልክ የሆነውን የልደት ቀኗን ታስገባለች፤ ኮምፒውተሩ አይዛመድም ይላል። ማስገባት ያለባት ሶሻል ሴኩሪቲ ዘንድ ያለውን ነው። ካርዱን ከፊት ለፊት አስቀምጦ፣ ፊደል በፊደል፣ እንዳለ መገልበጥ። መዝገቡ ራሱ የተሳሳተ ከሆነ ማስተካከያው ጊዜ ስለሚወስድ ልጁ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለ ይጀመር። የአባትና የልጅ የመጨረሻ ስም መለያየቱ ግን አያሳስብዎ፤ ቅጹ አንድ እንዲሆን አይጠይቅም።

ሁለተኛው፣ አክስትና አጎት ናቸው። ብዙ ልጆቻችን ያደጉት በአክስታቸው ቤት ነው፤ በእኛ ዘንድ እናት ናት። ፋፍሳ ግን በጉዲፈቻ ካልወሰደችው በቀር እንደ ወላጅ አይቀበላትም፤ የእሷ ገቢም አይሞላም። የፍርድ ቤት አሳዳጊነት ካላት ልጁ ራሱን እንደቻለ ተማሪ ይቆጠራል። ወላጆቹ ኢትዮጵያ ያሉ ልጅ ወላጁ ሶሻል ባይኖረውም አካውንት እንዲከፍት ማድረግ ይችላል፤ ገቢው ወደ ዶላር ተመንዝሮ ይሞላል። አሥራ ሦስት ዓመት ከሞላው በኋላ ሁለቱንም ወላጆቹን በሞት ያጣ፣ ወይም በዚያ ዕድሜው ወላጅ ያልነበረው ልጅ፣ ራሱን የቻለ ነው። ስደተኝነት ወይም ጥገኝነት ተፈቅዶለት ከወላጆቹ የተለያየ ልጅ ደግሞ ኮሌጁ "ልዩ ሁኔታ" ብሎ ከወላጅ መረጃ ነጻ ሊያደርገው ሕጉ ይፈቅዳል። ለኮሌጁ የፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮ በጽሑፍ ማመልከት አለበት።

ሦስተኛው፣ ሐዋላ ነው። ደሴ ያሉ እናትና አባት፣ አዲስ አበባ የሚማሩ እህቶች በየወሩ የሚላክላቸው ቤተሰብ ወረቀት ላይ ካለው ገቢ ያነሰ ነው የሚኖርበት። ፋፍሳ ይህን የሚጽፉበት ሣጥን የለውም። ሲ ኤስ ኤስ ፕሮፋይል የሚባለው፣ ብዙ የግል ኮሌጆች በተጨማሪ የሚጠይቁት ቅጽ ግን ልዩ ሁኔታን የሚያብራሩበት ቦታ አለው፤ ገቢያቸው እስከ 100,000 ዶላር ለሆነ ቤተሰቦችም ነጻ ነው። የላኩበትን ደረሰኝ ያስቀምጡ። ሥራ ቢያጡ፣ ታመው ከሥራ ቢርቁ፣ ገቢዎ ከሁለት ዓመት በፊት ከነበረው ቢወርድ ኮሌጁ እንደገና እንዲያስብ መጠየቅ ይቻላል፤ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ለዚያ የተቀመጡ ሠራተኞች አሏቸው።

የመኖሪያ ፈቃድን በተመለከተ፣ የፌደራል እርዳታ ዜግነት፣ ግሪን ካርድ፣ የስደተኝነት ወይም የጸደቀ የጥገኝነት ፈቃድ ላላቸው ተማሪዎች ነው። የሚታየው የልጁ ፈቃድ ነው፣ የወላጁ አይደለም። ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ልጅ የፌደራሉን አያገኝም፤ አንዳንድ ስቴቶች ግን የራሳቸው ሕግና ቅጽ አላቸው፤ ሕጉም ስለሚቀያየር የዓመቱን ይጠይቁ። ፈቃድ የሌለው ወላጅ ካለ ቅጹን ከመሙላት በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ።

የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መንገድና ዋስ

በእኛ መካከል ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሲባል ፊት የሚያጨፈግግ ወላጅ አሁንም አለ። ይህ እንዲቀር እፈልጋለሁ። የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ አድቫንስ በሚባለው ፕሮግራማቸው ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን የሁለቱም መንገድ ተሰምሮለት እንዲያልፍ ያደርጋሉ። ዲግሪው ላይ የሚጻፈው የመጨረሻው ዩኒቨርሲቲ ስም ነው። ለሲያትል የሕዝብ ትምህርት ቤት ተመራቂ የሁለት ዓመት የትምህርት ክፍያ የሚሸፍን ሲያትል ፕሮሚስ አለ። ሚኒሶታ ከ2024 መከር ጀምሮ ገቢው ከ80,000 ዶላር በታች ለሆነ ቤተሰብ ልጅ በሕዝብ ኮሌጆች የትምህርት ክፍያን ትሸፍናለች። ከዚያም በፊት፣ ገና ሃይስኩል እያሉ የኮሌጅ ትምህርት የሚወስዱበት መንገድ አለ፤ ሚኒሶታ በ1985 ይህን በሕግ ጀምራለች፣ ዋሽንግተን ስቴት ራኒንግ ስታርት ትለዋለች፣ ሜሪላንድም ለኮሌጅ ብቁ የሆኑ ተማሪዎችን ክፍያ ትሸፍናለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርስ የአንድ ዓመት ኮሌጅ በእጁ ያለ ልጅ የአንድ ዓመት ዶርምና ክፍያ አዳነ ማለት ነው።

ብድር መውሰድ ካስፈለገ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ በልጁ ስም የሚወጣው የፌደራል ብድር፦ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ ከዚያ 7,500 ዶላር፤ በጠቅላላው ከ31,000 አይበልጥም። ዋስ አይጠይቅም። የወላጅ ብድሩ ወለዱ ከፍ ያለ ነው፤ በ2025–26 የተማሪው 6.39 በመቶ ሲሆን የወላጁ 8.94 ነበር። ከጁላይ 2026 ጀምሮ ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20,000፣ በጠቅላላው ከ65,000 ዶላር በላይ አይሰጥም።

የባንክ የተማሪ ብድር የመጨረሻ ነው፤ ዋስም ይፈልጋል። በእኛ ባህል ዋስ ሁን ሲባል እምቢ ማለት ይከብዳል፤ ያጎት ልጅ፣ የጽዋ ማኅበር ወዳጅ ስልክ ደውሎ "ፈርምልኝ፣ ልጄ ትምህርቷ ሊቋረጥ ነው" ሲል ማን ይጨክናል? የሚፈርሙት ግን ሙሉ ዕዳውን ነው። ልጅቷ ባትከፍል ባንኩ ወደ እርስዎ ይመጣል፤ የቤት ብድር ሲጠይቁ ያ ዕዳ የእርስዎ ሆኖ ይታያል፤ የተማሪ ብድር ደግሞ በኪሳራ ሕግ እንኳ በቀላሉ አይሰረዝም። ይህን ሳያብራሩ ዋስ የሚያስፈርሙ ወገኖች ዘመዳቸውን እየበደሉ ነው።

ከሜይ 1 በኋላ

አብዛኛው ኮሌጅ መልስ የሚፈልገው እስከ ሜይ 1 ነው። አንዱ ኮሌጅ ከሌላው ያነሰ ሰጥቶ ከሆነ፣ ከዚያ ቀን በፊት የተሻለውን ደብዳቤ አያይዞ በትሕትና እንደገና እንዲያዩት መጻፍ ይቻላል። ልጁ ይጻፈው፣ ወላጅ ያንብበው።

ከዚያ ምረቃ ይመጣል፣ ድግሱ ይደገሳል፣ ኬኩ ይቆረሳል፤ ክረምቱም ፀጥ ይላል። ተቀብለውት መከር ላይ የማይገኝ ልጅ የሚጠፋው በዚህ ክረምት ነው። ኮሌጁ ከዚያ በኋላ የሚጽፈው ወደ ቤት ሳይሆን ልጁ አዲስ ወደተሰጠው ኢሜይል ነው፤ ልጁም ያንን ኢሜይል ሳይከፍት ጁላይ ያልፋል። የመጨረሻው ትራንስክሪፕት ከሃይስኩሉ መላክ አለበት። የክትባት ማስረጃ ይፈለጋል፤ አገር ቤት የተከተቡ ልጆች ማስረጃ ስለማይኖራቸው ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያስፈልጋል፣ ቀጠሮውም በኦገስት አይገኝም። ፋፍሳው ለማጣራት ተመርጦ ከሆነ የታክስ ወረቀት እስኪላክ ገንዘቡ አይለቀቅም።

አንድ ደግሞ ብዙዎች ሳያውቁት የሚከፍሉት አለ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን የጤና ኢንሹራንስ ሒሳቡ ላይ ይጨምራሉ፤ በዓመት ሺህ ዶላሮች ነው። ልጁ በእርስዎ ኢንሹራንስ ውስጥ ካለ፣ እስከ 26 ዓመቱ መቆየት ይችላል፤ ሜዲኬይድ ካለውም በራሱ ስቴት ሲማር ብዙ ጊዜ ይቀበሉታል። የኢንሹራንስ ካርዱን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንሥቶ የማስቀሪያውን ቅጽ በኮሌጁ ፖርታል መሙላት ነው። ቀነ ገደቡ አብዛኛውን ጊዜ ትምህርት በሚጀመርበት ሰሞን ነው፤ በየዓመቱም እንደገና ይሞላል።